የጨመርኩት አሥራ ሁለት ቀን

ማክሰኞ፣ ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን፣ የገበሬዎች ክበብ አዳራሽ በር ላይ አውራ ጣቴን ስጫን በሩ በገዛ ድምፄ «እንኳን ደህና መጡ እማማ ትጓደድ። ሁለት ደቂቃ ዘግይተዋል» አለኝ።

«አንቺም ጉልበትሽ ሲያልቅ አይሻለሁ» አልኳት። ጉልበት እንደሌላት አውቃለሁ። በየሳምንቱ እንዲህ ነው የምንገናኘው።

ድምፁ የእኔ ነው። አርባ አምስት ዓመቴ ሳለ፣ ጥርሴ ሙሉ ሳለ የተቀዳ። አሁን ሰባ ስምንት ሞልቶኛል። ድምፄን የሰጧትን ማሽን መካሪት ይሏታል። በዘጠኝ ቀበሌ ያለ ገበሬ ጠዋት ሲነሣ ጆሮው ውስጥ ከተሰካው ማዳመጫ የሚሰማው እሷን ነው። መቼ እንደሚዘራ፣ ዘሩ ስንት ጣት እንደሚቀበር፣ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ሲወርድበት ምን እንደሚደረግ የምትናገረው እሷ ናት። «እርስዎ» ማለቷን ግን ከእኔ አልወሰደችም። እኔ ከቄስ በቀር ማንንም እርስዎ ብዬ አላውቅም። ይህን ከተማ ላይ ነው የጨመሩላት።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምታነቡትም እኔ ስናገር ወረቀቱ የጻፈው ነው። ስድብ ሲያጋጥመው ሊያለሳልስ ይሞክራል። እንደተናገርኩት ጻፍ ብዬዋለሁ።

አዳራሹ ውስጥ አርባ አንድ ወንበር አለ፣ አርባ አንድ ሰው። እያንዳንዱ ወንበር ፊት ኩባያ ተተክሏል። ሁሉም ከየማሳው ዳር አንድ እፍኝ አፈር ይዞ ይመጣና ኩባያው ውስጥ ይጨምራል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን መቀመጥ ይቻላል። ወንበሩ ደግሞ ሰው ሲቁነጠነጥ ይቆጥራል። የእኔ ያን ዕለት ገና ስብሰባው ሳይጀመር ሰባት ቆጥሮብኝ ነበር።

የክበባችን ወግ «አንድ ሰው አንድ ምክር» ይባላል። እያንዳንዱ በተራው ይነሣል፣ ለግብርና የሚጠቅም አንድ ምክር ይናገራል። ምክሩ ልክ ከሆነ መካሪት «ተረጋግጧል» ትላለች። ሦስት ጊዜ ያልተረጋገጠበት ሰው ኋላ ተቀምጦ ለአንድ ወር እንደገና ይማራል። ኋላ መቀመጥ የሚወድ ስለሌለ ሁሉም ባለፈው ሳምንት መካሪት በጆሮው የነገረችውን ይዞ ይነሣል። እንግዲህ በየማክሰኞው አርባ ሰው እሷው የነገረችውን መልሶ ለእሷው ይነግራታል፤ እሷም ታመሰግናለች። በእኔ ድምፅ።

ያን ዕለት መጀመሪያ የተነሣችው ፈንታነሽ ናት። የሦስት ልጆች እናት፣ ምላሷ ከእኔ ምላስ ትንሽ የሚያንስ። እንደ አብዛኞቹ አባሎች ከተማ ነው ያደገችው። ወላጆቿ ሲሞቱ መሬቱን ለመውረስ መጣች።

«ምክሬ» አለች እጇን አጣምራ፣ «የሽምብራ ዘር ከመዘራቱ በፊት በአመድ መታሸት አለበት።»

«ተረጋግጧል። እናመሰግናለን ፈንታነሽ» አለች መካሪት።

«አመድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት እኔ ከኋላ። በመንደራችን እሳት ከነደደ ዘጠኝ ዓመት አልፏል።

«እማማ፣ እኔ ምክሩን ነው ያልኩት፤ አመዱን አምጡ አላሉኝም።»

ሰው ሳቀ። መካሪት ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። መጠበቅ ትችላለች።

ከፈንታነሽ ቀጥሎ አያ ሞላልኝ ተነሣ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። ከዚያ በፊት የክበቡ ሰብሳቢ እሱ ነበር። ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ምክር ብቻ ነው። «ውሃ የሚተኛበት ላይ አትዝሩ» አለ። ተረጋገጠለት። ተቀመጠ። በዚያው ማንቀላፋት ጀመረ፤ ወይም ያንቀላፋ አስመሰለ። እሱን ማወቅ አይቻልም።

የአሁኑ ሰብሳቢ ምንይችል ነው፣ የታናሽ ወንድሜ ልጅ። አርባ ዓመት ሞልቶታል፣ የመጣ አምስት ዓመቱ። ጨዋ ልጅ ነው፣ የተጻፈ ነገር ያከብራል። ቆሞ ማስታወቂያውን ተናገረ። ዘሪው መስከረም ሁለት ቀን ይወጣል። ማንም ከዚያ በፊት ማሳ ውስጥ እንዳይገባ። ቦት ጫማ ያለቀበት ይመዝገብ።

ዘሪው የምንለው ሰው የሌለበት መኪና ነው። ዘሩ ሆዱ ውስጥ ታሽጎ ይመጣል፣ መካሪት ስታዘው ይወጣል፣ ስታዘው ይገባል። አሮጌው ዘሪ መዘውር ነበረው፣ ሰው በእጁ ያስነሣው ነበር። አምና የመጣው አዲሱ መዘውር የለውም።

«ይህን ማለት ደስ አይለኝም» አለ ምንይችል፣ «ግን አምና የሽምብራችን ውጤት ታውቃላችሁ። ከአሥሩ ቅርፊት ዘጠኙ ባዶ ነበር። ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ሁለተኛ ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ያላፈራ ክበብ ይዘጋል።»

ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከእኛ ከላይ አምባ ሥር ያለው መንደር፣ ታች አምባ፣ አምና ሰኔ ተዘግቷል። አራት መኪና መጥቶ ሰውን ከነዕቃው ጭኖ ወሰደ። አሁን ከተማ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ከፍ ባለው ላይ። የታች አምባን ቤቶች በር የሚከፍተው ነፋስ ነው። ከበራቸው ላይ አሁንም «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የእኔ ድምፅ። በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

«እኔ ከሰባተኛ ፎቅ ነው የወረድኩት» አለች ፈንታነሽ። ድምፅዋ ሳቅ አልነበረበትም። «ተመልሼ አልወጣም። ልጆቼ እዚያ ሦስት ዓመት መሬት ሳይረግጡ ነው ያደጉት።»

«ማንም መውጣት አይፈልግም» አለ ምንይችል። «ለዚህ ነው ምክሩን በትክክል የምንፈጽመው። ከመስከረም ሁለት አንድ ቀን ሳይቀድም፣ አንድ ቀን ሳይዘገይ።»

ወንበሬ ቆጠራውን ወደ አሥራ ዘጠኝ አደረሰ።

ነገሩን ላስረዳችሁ፤ እኔን ያቁነጠነጠኝ እሱ ነውና።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጫማዬን አውልቄ ማሳዬ ውስጥ ገብቼ ነበር። ክልክል ነው። አፈራችን መረሬ ነው፣ ጥቁር፣ ክረምት ላይ እግር የሚውጥ፣ በጋ ላይ የሚሰነጠቅ። ሽምብራ ደግሞ የሚያድገው ዝናቡ ሲወጣ አፈሩ ይዞት በቀረው ርጥበት ነው። ቀድመህ ብትዘራው ይበሰብሳል። ዘግይተህ ብትዘራው አበባው ላይ ሳለ መሬቱ ይሰነጠቅና ሥሩን ይቆርጠዋል። ቀኑን የምናውቀው በተረከዝ ነበር። ተረከዜን ተክዬ፣ ክብደቴን ጥዬበት፣ ከዚያ እነቅለዋለሁ። ጉድጓዱን ወዲያው ውሃ ከሞላው ገና ነው። ውሃ ሳይሞላው፣ አፈሩ ተረከዜን ሲለቅ ሕፃን ጡት ሲለቅ እንደሚያሰማው ድምፅ ካሰማ ቀኑ ደርሷል። ድምፅ ካጣ አልፏል። አብዛኛውን ዓመት ከተክለሃይማኖት ማግስት ላይ ይውላል፣ ነሐሴ ሃያ አምስት።

ያን ጠዋት የተረከዜ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ሊሞላ ሞከረና ግማሽ ላይ ቆመ። ሦስት ቀን ቀርቶታል አልኩ።

መስከረም ሁለት ታዲያ ከየት መጣ? ከእኔ አፍ።

የላይ አምባ ሰው የዘር ቀኑን ለእንግዳ አይናገርም ነበር። ከአባት ከአያት የመጣ ነው። እንግዳ የዘር ቀን ካወቀ የእሸቱን ቀን ያውቃል፤ መንገደኛው ሁሉ እሸት ሲደርስ እየመጣ ይነቅልብሃል። ክፉ ዓይንም አለ። ስለዚህ ሲጠየቅ አሥራ ሁለት ቀን ይጨምራል። ሁሉም የሚጨምረው አሥራ ሁለት ነው። የመንደሩ ሰው ሲሰማ አሥራ ሁለቱን በሆዱ ይቀንሳል። ውሸት ነው አንልም ነበር፤ በር እንደ መዝጋት ነው።

የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ሽበታም ሰውዬ መቅረጫ ይዞ መጣ። የሽምብራዬ ዝና ደርሶት ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ማሳዬ ዳር ተቀምጦ አናገረኝ። የዘሩን አመራረጥ፣ አመዱን፣ ጥልቀቱን፣ አረሙን፣ ክሽክሹን፣ የማላውቀውን አላውቅም እያልኩ፣ የማውቀውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። የዘር ቀኑን ሲጠይቀኝ ግን እንግዳ ነውና አሥራ ሁለት ቀን ጨመርኩለት። ስለ ተረከዙ አልነገርኩትም።

በዓመቱ መካሪት መጣች። በእኔ ድምፅ «ሽምብራ መስከረም ሁለት ቀን ይዘራል» አለች። ሽማግሌዎቹ እሺ አሏት። ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን ዘሩ። ከዚያ መስከረም ሁለት ዘራን ብለው አረጋገጡላት። ምርቱ ጎተራ የሚያጣብብ ሆነ። እሷም ምክሯ ትክክል መሆኑን መዘገበች። ከደመና በላይ የሚያየን ዓይን አለ ይላሉ፤ በነሐሴ ግን ከደመናው በታች ያለነው እኛ ብቻ ነን። እንዲህ ሠላሳ ዓመት ሄደ። ከአገሩ ሁሉ ብዙ ጊዜ የተረጋገጠ ምክር የእኔ ሆነ። ሥዕሌን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ለስምንት ቀበሌም አከፋፈሉኝ፤ የጎረቤት ሽማግሌም ቢሆን አሥራ ሁለቱን መቀነስ ያውቅ ነበር። ኮራሁ። ለምን አልኮራም?

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሞቱ። አያ ሞላልኝ ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ አሮጌውን ዘሪ በጭጋግ ውስጥ በእጁ አስነሥቶ ነሐሴ ላይ ይዘራ ነበር፤ የከተማ ልጆቹ ጭቃ ፈርተው ቤት ስለሚውሉ ያየው የለም። ለምንይችል ቁልፉን ሲያስረክብ አሥራ ሁለቱን አልነገረውም። እንግዳ ነው ብሎ። የገዛ ወንድሜን ልጅ!

ታች አምባ ያን አዲስ ዘሪ ከእኛ በፊት ነው ያገኘው። በመስከረም ሲዘሩ ከላይ ሆኜ አየኋቸው። ሁለት ዓመት አየኋቸው። ሰኔ ላይ መኪናው ሲመጣ ወርጄ ለመንገድ ቆሎ ሰጠኋቸው። አንዷ ሴት እጄን ስማ «ድምፅዎን በጆሮዬ ይዤ ነው የምሄደው» አለችኝ። እኔ ግን እውነቱን ሳልነግራት ሸኘኋት። አምናም ለእኛ ስትል መስከረም ሁለት፣ ከዚያው ሥዕል ሥር ተቀምጬ ዝም አልኩ። ሰባ ሰባት ዓመት ያልዋሸች ከሚሏት ሴት አፍ «ዋሽቼ ነበር» የሚለው ቃል ቶሎ አይወጣም።

«አርባ አንደኛ ወንበር» አለች መካሪት። «እማማ ትጓደድ፣ የዛሬው ምክርዎ?»

ተነሣሁ። «ሽምብራው ዓርብ፣ ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን ይዘራ።»

«አልተረጋገጠም። የሽምብራ የዘር ቀን መስከረም ሁለት ነው። ምንጭ፦ ወይዘሮ ትጓደድ መኩሪያ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እማማ ከራሳቸው ተጣሉ!» አለች ፈንታነሽ።

«ምንጩ ዋሽታለች» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። እላይ እንደነገርኳችሁ ለእነሱም ነገርኳቸው፤ አጠር አድርጌ፣ ሰውዬውን፣ አሥራ ሁለቱን ቀን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ታች አምባን። ታች አምባ ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ማየት ጀመረ። እኔን የሚያይ አልነበረም።

«እታታ፣ ተቀመጪ» አለ ምንይችል። አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«አላነበብኩትም።»

«እኔ አንብቤልሻለሁ። ሆን ብሎ የተሳሳተ ምክር የሰጠ ምንጭ ከክበቡ ይሰረዛል። የተሰረዘ ደግሞ መንደር ውስጥ አይቆይም፣ በሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። ፎቅ ነው የምትገቢው፣ እታታ። በዚህ ዕድሜሽ!»

«ሌላውንስ? ስለ ዘሩ የሚለውን?»

ደንብ የሚያከብር ሰው ስለሆነ ሲጠየቅ መመለሱ አይቀርም። «ምንጩ ከተሰረዘ ከምንጩ የተወሰደ ምክር ሁሉ ይነሣል። ምክር የሌለበት ክበብ ደግሞ… ሰብሳቢው የዘሪውን ሆድ በቁልፍ ይከፍታል። ዘሩ በአባላቱ እጅ ይሆናል።»

«ቁልፉ የት ነው?»

«አንገቴ ላይ።»

«እንግዲያው ከፊቴ ዞር በል።»

አያ ሞላልኝ ከእንቅልፉ ነቅቶ ነበር። ወይም አልተኛም ነበር። «ትጓደድ» አለ በሹክሹክታ፣ አገር የሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ዝም በይ። እኔንም ታስጭኚኛለሽ።»

«መካሪት» አልኩ። በስሟ ስጠራት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። «ምክሩን የምሽረው እኔ ነኝ።»

«ምንጩ መሆንዎ መረጋገጥ አለበት። የአሁኑ ድምፅዎ ከምንጩ ድምፅ ጋር በቂ መመሳሰል የለውም።»

ፈንታነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የራሴን ድምፅ ሰርቀሽ እኔን አላውቅሽም ትያለሽ?»

«በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት የተናገሩትን የመጀመሪያ ቃል ይድገሙ።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በምንይችል ፊት ላይ ደስታ ቢጤ አየሁ፤ አታስታውስም ብሎ ነው። እኔ ግን ሰው የሰደብኩበትን ቃል አልረሳም። ሰውዬው ያን ጠዋት በጫማው ማሳዬ ውስጥ ዘው ብሎ ገብቶ ነበር።

«‹አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን አውልቅ! የዘር መሬት በጫማ አይረገጥም፣ ገበያ መሰለህ?›» አልኩ።

ከዚያ ከግድግዳው ውስጥ፣ ጥርሷ ሙሉ የሆነች ሴት፣ ቁጣዋ ትኩስ የሆነች፣ እዚያው አጠገቤ እንደቆመች ሁሉ ጮኸች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን አውልቅ! የዘር መሬት በጫማ አይረገጥም፣ ገበያ መሰለህ?»

ከኋላ ወፍም ትጮህ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረች ወፍ። ወንበሩን ያዝኩ።

«ምንጩ ተረጋግጧል» አለች። «የሽምብራ የዘር ቀንን በተመለከተ ሆን ብለው የተሳሳተ ምክር መስጠትዎን ያረጋግጣሉ?»

«አረጋግጣለሁ።»

«ምክንያት?»

«እንግዳ ስለነበርሽ።»

«የተሳሳተውን ቀን እያወቁ ያረጋገጡ ሰዎች አሉ?»

አያ ሞላልኝ አንገቱን ደረቱ ውስጥ ቀበረ። አርባ ሰው አለ፤ ከአርባው አንድ ሰው «እሱስ?» ቢል አለቀ። ማንም አላለም። ያን ጊዜ ነው የላይ አምባ ሰው መሆን የጀመሩት፣ እንደ እኔ አስተያየት።

«ነበሩ» አልኩ። «ሁሉም ሞተዋል።»

«ተመዝግቧል። ወይዘሮ ትጓደድ መኩሪያ ከክበቡ ተሰርዘዋል። መኪና መስከረም ሁለት ቀን ይመጣል። ከምንጩ የተወሰደ ምክር በሙሉ ከዘጠኙ ቀበሌዎች ተነሥቷል። እናመሰግ—»

እዚያ ላይ ቆመች። ምስጋናውም የእኔ ድምፅ ነበርና።

ኩባያዎቹ ላይ ያለው መብራት ሁሉ ጠፋ። ሰው ጆሮውን መነካካት ጀመረ። አንዱ ጆሮው ውስጥ ያለውን አውጥቶ አራገፈው፣ መልሶ ከተተው። እኔ አዳራሹ እንዲህ ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ከጣሪያው ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ኖሯል።

«ሞቻለሁ እንዴ?» አለ አያ ሞላልኝ።

«ለእሷ ሞተሃል። ለእኛ ገና ነህ፣ ተነሥ።»

«አሁን ምን እናድርግ?» አለ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው። «ዘሩ ስንት ጣት ነው የሚቀበረው?»

«ባለፈው ሳምንት ተነሥተህ የተናገርከው አንተ አይደለህም?» አልኩት።

«ተናግሬያለሁ…» አለ፤ ጣቶቹን አየ። ቁጥሩን ይዞት የነበረው ጆሮው ነው እንጂ እሱ አልነበረም።

ፈንታነሽ መጣችና ፊቴ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። «እማማ፣ እኔ ጨዋ ቃል አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም፣ ተናገሪ።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ዋሽተውናል። አሁን ዓርብ ይላሉ። ከዓርብ አሥራ ሁለት ቀን ልቀንስ? ወይስ ልጨምር? እኔ በምን ልመን? ልጆቼን ይዤ ፎቅ የምወጣው እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። የእኔ ቃል ከዚያ ቀን በኋላ ምን ዋጋ አለው? ዓርብ ብላቸው፣ ሐሙስ ብላቸው፣ በመስቀል ብምልላቸው ያው የእኔ ድምፅ ነው።

«አትመኚኝ» አልኳት። «ዓርብ ጠዋት ጫማሽን አውልቀሽ ነይ።»

ሐሙስ ተክለሃይማኖት ነው፣ የሠራ የለም። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አጥሩ ላይ ይቆማል፣ ወደ ማሳው ያያል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው ስለሌለ ግማሹ አርፍዶ ተነሣ፤ ግማሹ ጭራሽ አልተኛም። ምንይችል ሁለት ጊዜ መጣ። ሁለቴም ቁልፉን እየነካካ ተቀምጦ ሄደ። «ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ እታታ» አለኝ። «ለማን?» አልኩት። አላወቀም። ደመናው ከፍ ብሎ ነበር። ነፋሱ ከምሥራቅ መጣ፣ ደረቅ ነፋስ፣ ማሳ የሚያደርቅ። በዓሉን የቀመስኩት ማሳውን እያየሁ፣ ቆሜ ነው።

ዓርብ ጠዋት ማሳው ዳር አርባ ሰው ቆሞ ነበር። አያ ሞላልኝን ፈንታነሽ እጁን ይዛዋለች። ማንም አላዘዛቸውም፤ ምንይችል ጎንበስ ብሎ ቦት ጫማውን ሲፈታ ሌላውም ፈታ። የከተማ እግር ነጭ ነው፣ ለስላሳ። ጭቃው ውስጥ ሲገቡ እንደ ድመት እግራቸውን እያነሡ ያራግፋሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«ተረከዛችሁን ትከሉ» አልኩ። «ክብደታችሁን ጣሉበት። ከዚያ ንቀሉ፤ ስሙ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልናገርም።»

አርባ ሰው ተረከዙን ተከለ። ነቀለ።

ያን ድምፅ በጽሑፍ እንዴት አድርጌ ላሰማችሁ። ወረቀቱም አልቻለበትም፤ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አስጠፋሁት። ከማሳው ዳር እስከ ዳር፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ አፈሩ ተረከዝ ሲለቅ ነበር። ሰው ጎንበስ ብሎ የገዛ ዱካውን ያያል። ውሃ አልሞላውም። ፈንታነሽ ደግማ ተከለች፣ ደግማ ነቀለች፣ ወደ ሌላ ቦታ ሄዳ ሦስተኛ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሕፃን ጡት ሲለቅ ነው የሚመስለው» አለች። እኔ ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ሦስት ልጅ አጥብታለች፣ ከማን ትስማው።

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?»

ምንይችል የዘሪውን ሆድ ከፈተ። ዘሩን በእጃችን ዘራን፣ በእግራችን አለበስነው። ጥልቀቱን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ጣቴን አሳየሁ። አያ ሞላልኝ ድንበሩ ላይ ተቀምጦ ውሃ የሚተኛበት ላይ እንዳይዘሩ ይጮህ ነበር፤ ያረጋገጠለት የለም፣ ሁሉም ግን ይሰማዋል። እስኪመሽ ጨረስን። የቀሩት ስምንት ቀበሌዎች ምን እንዳደረጉ አናውቅም። ምንይችል በማግስቱ በእግሩ ሊነግራቸው ሄደ። ታች አምባ የሚነገረው ሰው የለም።

ያፍራ አያፍራ አላውቅም። ክበቡ ይዘጋ አይዘጋ አላውቅም። የማውቀው የእኔን ነው። መኪናው መስከረም ሁለት ቀን ይመጣል፤ እነሱ ቀን አይጨምሩም። ከዘራንበት እስከዚያ አሥራ ሁለት ቀን ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ሽምብራ በስምንት፣ ቢዘገይ በአሥር ቀን አፈሩን ቀድዶ ይወጣል። አይቼው ነው የምጫነው።